ልብ ሰቃይ ፊልም በዲስክ ሲወጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልብ ሰቃይ ድራማ ከየትኛውም የፊልም ዓይነት በላይ በጨለማና በዝምታ ይሠራል። ሰውየው የቆመው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለው ጥላ ውስጥ ነው፤ ምስጢሩ የሚወጣው በሹክሹክታ ነው። ዲስኩ፣ ማጫወቻው ወይም ቴሌቪዥኑ ጥላውን ካደበዘዘውና ሹክሹክታውን ከዋጠው ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እዚህ የምንመልሰው የትኛው ዲስክ እንደሚገዛና፣ ቤት ከገባ በኋላ እንዴት በሚገባው ልክ እንደሚታይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከታየ በኋላ ዲስኩ መቼ ይወጣል?

እስከ 2020 ድረስ የአሜሪካ ትልልቅ ስቱዲዮዎች አንድን ፊልም ለ3 ወር ያህል ለሲኒማ ቤቶች ብቻ ይተዉት ነበር። በጁላይ 2020 ዩኒቨርሳል ከኤኤምሲ ሲኒማ ቤቶች ጋር ያደረገው ስምምነት ግን ከ17 ቀን በኋላ ፊልሙን በኢንተርኔት ማከራየት አስቻለው፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን አጭር ጊዜ አወጡ። ዛሬ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በኢንተርኔት ውድ ኪራይ ይመጣል፤ ከዚያ ዲስኩ ጥቂት ወራት ቆይቶ ይከተላል። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ዲስክ ለገበያ የሚቀርበው ማክሰኞ ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ሰኞ።

ቀድሞ ማዘዝ የሚያዋጣው በቁጥር ተወስኖ የሚታተም እትም ከሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በብረት ሣጥን የሚመጣው። ተራው እትም ከጥቂት ወራት በኋላ ይረክሳል። በወርሃዊ ክፍያ ለሚታዩ አገልግሎቶች የተሠሩ ፊልሞች ግን ጭራሽ በዲስክ ላይወጡ ይችላሉ።

ዲቪዲ፣ ብሉሬይ ወይስ 4ኬ?

ሦስቱም ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ የሚይዙት ነገር ነው። ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 4.7፣ በሁለት 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ምስሉ በአሜሪካው ሥርዓት 720 በ480፣ በአውሮፓውና በእኛው 720 በ576 ነጥብ ነው። ብሉሬይ 25 ወይም 50 ጊጋባይት ይይዛል፣ ምስሉ 1920 በ1080 ነው። 4ኬ ብሉሬይ በ2016 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል፣ ምስሉ 3840 በ2160 ነው፤ ከዚህ በተጨማሪ የቀለም ደረጃዎቹ ይበዛሉ፣ ኤችዲአር የሚባለውን፣ በብርሃንና በጨለማ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰፋውን የምስል ዓይነትም ይይዛል።

በድርጊት የተሞላ፣ በጠራራ ፀሐይ የተቀረጸ ፊልም በዲቪዲም ደህና ይታያል። በማታ፣ በዝናብና በመብራት ጭላንጭል የተቀረጸ ልብ ሰቃይ ግን ዲቪዲ ላይ ይጎዳል። ቦታው ስለሚጠበው መጭመቂያው መጀመሪያ የሚቆርጠው በጨለማ ውስጥ ያለውን ረቂቅ ልዩነት ነው፤ ጥቁር ካፖርት ከጥቁር ግድግዳ ጋር ተዋሕዶ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። ምክራችን ቀላል ነው፦ ቴሌቪዥንዎ ከ40 ኢንች በላይ ከሆነ ብሉሬይ ይግዙ። 4ኬ የሚያዋጣው ቴሌቪዥኑ ኤችዲአርን በቂ ብርሃን ሰጥቶ ማሳየት ሲችል ነው። ርካሽ የ4ኬ ቴሌቪዥን ኤችዲአር «ይቀበላል» ተብሎ ይሸጣል እንጂ ብርሃኑ ስለሚያንሰው ፊልሙን አጨልሞ ያሳያል። እንዲህ ባለው ላይ ተራው ብሉሬይ የተሻለ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ብዙ የ4ኬ ጥቅሎች ሁለቱንም ዲስኮች ስለሚይዙ አወዳድሮ መወሰን ይቻላል።

ያው ፊልም ኢንተርኔት ላይ በ4ኬ አለ። ዲስክ ምን ይጨምርልኛል?

ሁለቱም «4ኬ» ቢባሉም በሰከንድ የሚደርስዎ መረጃ እኩል አይደለም። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚጠይቀው የመስመር ፍጥነት 15 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ 4ኬ ዲስክ ከ100 ሜጋቢት በላይ መላክ ይችላል። ይህ ልዩነት በቀን ብርሃን ትዕይንት ላይ ላይታወቅ ይችላል። የባትሪ መብራት ጨለማውን ሲሰነጥቅ፣ ጭጋግ ሲንቀሳቀስ ግን ይጋለጣል፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ቀስ እያለ መሄድ የነበረበት ቀለም በደረጃ ደረጃ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ዲስኩ ያልተጨመቀውን ያህል የሆነ ድምፅ ሲይዝ በኢንተርኔት የሚላከው ብዙ ተቆርጦለት ነው።

በዳታ ፓኬጅ ለሚያይ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ፤ 4ኬ በኢንተርኔት በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። ዲስክ አንዴ ከተገዛ አይበላም፣ የፈቃድ ውሉ አለቀ ተብሎም ከመደርደሪያዎ አይነሳም።

አሜሪካ የተገዛ ዲስክ አዲስ አበባ ይጫወታል? ከአዲስ አበባ የተላከስ አሜሪካ?

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስከስረው ይህ ነው። ዲስኮች የሽያጭ አካባቢን የሚለይ መቆለፊያ አላቸው፤ ማጫወቻውም የራሱ አካባቢ አለው። ሁለቱ ካልተስማሙ ዲስኩ አይከፈትም።

በዲቪዲ ዓለም በ6 ተከፍላለች። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው፤ ምዕራብ አውሮፓ፣ እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ 2፤ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ውስጥ ነች። ቁጥሩ ከሽፋኑ ጀርባ በትንሽ የምድር ሉል ሥዕል ውስጥ ተጽፏል።

በብሉሬይ ክፍሉ 3 ነው። ኤ አሜሪካ፣ ጃፓንና ኮሪያን፤ ቢ አውሮፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅን፣ አፍሪካንና አውስትራሊያን፤ ሲ ደግሞ ሩሲያን፣ ሕንድንና ቻይናን ይይዛል። ስለዚህ ለንደን፣ ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይና አዲስ አበባ በብሉሬይ አንድ ወገን ናቸው፤ ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ሌላ። 4ኬ ዲስክ የአካባቢ መቆለፊያ የለውም፤ የትም ተገዝቶ የትም ይጫወታል። ነገር ግን አብሮት በጥቅሉ ውስጥ ያለው ተራ ብሉሬይ ሊቆለፍ ይችላል፤ ተጨማሪ ፊልሞቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሉት እሱ ላይ ነው።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ብዙ ብሉሬዮችን ሳይቆልፉ ያወጣሉ፤ በየአገሩ የሚያከፋፍሉት ራሳቸው ስለሆኑ መቆለፉ ብዙም አይጠቅማቸውም። እንደ ክራይቴሪየንና አሮው ያሉ፣ ፊልሞችን እያደሱ የሚያወጡ አነስተኛ አሳታሚዎች ግን ብዙ ጊዜ መብቱን የሚገዙት ለተወሰነ አገር ስለሆነ ይቆልፋሉ። የሚወዱት የቆየ ልብ ሰቃይ በእነዚህ እጅ ካለ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፊደል ሳያዩ አይክፈሉ።

ከቁልፉ ሌላ የምስል ሥርዓት አለ። ኢትዮጵያና አውሮፓ ፓል፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ይጠቀማሉ። እኛ አገር የሚሸጡ ዴኮች ባብዛኛው ሁለቱንም ያነባሉ። አሜሪካ የሚሸጡት ብዙዎቹ ፓል አያነቡም፤ ስለዚህ ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ የሚላክ ዲቪዲ ቁልፍ ባይኖረውም በሥርዓቱ ምክንያት ላይጫወት ይችላል። መፍትሔው አካባቢም ሥርዓትም የማይመርጥ ማጫወቻ መግዛት ወይም ዲቪዲውን በኮምፒውተር ማየት ነው። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ አካባቢውን መቀየር የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው ላይ የቆመበት ለዘለቄታው ይጸናል።

ማጫወቻውን ራሱን ከአሜሪካ ባመጣስ?

ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ በ220 ቮልት ላይ ከሰኩት የኃይል ክፍሉ ወዲያው ይቃጠላል። የብሉሬይ ማጫወቻ የሚወስደው ጥቂት አሥር ዋት ስለሆነ ባለ 100 ዋት ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ከበቂ በላይ ነው። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ማረጋጊያ ይጨምሩ፤ ዲስክ ሲዞር መብራት መቋረጡ ዲስኩን አይጎዳም፣ ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ከፍታ ግን ማጫወቻውን ይጎዳል።

አንድ ፊልም ሆኖ ሳለ የአውሮፓው ዲቪዲ ለምን 5 ደቂቃ ያጥራል? ተቆርጧል?

ብዙ ጊዜ አልተቆረጠም። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ የፓል ዲቪዲ ደግሞ 25። አሳታሚው ፊልሙን በ4 በመቶ ያፈጥነዋል፤ የ120 ደቂቃው ፊልም 115 ደቂቃ ይሆናል፣ ድምፁም ሳይስተካከል ከቀረ ትንሽ ይቀጥናል። ብሉሬይና 4ኬ በ24 ስለሚሄዱ ይህ ችግር የለባቸውም። ሁለት ብሉሬዮች በርዝመት ከተለያዩ ግን የእውነት የተለያየ ቅንብር ናቸው ማለት ነው።

«ያልተቆረጠ»፣ «የዳይሬክተሩ ቅንብር» የሚሉት እትሞች ይሻላሉ?

የግድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ «ደረጃ ያልተሰጠው» የሚል ሽፋን ማለት ያ ቅንብር ለደረጃ ሰጪው ማኅበር አልቀረበም ማለት ብቻ ነው፤ የተጨመረው 1 ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ልብ ሰቃይ በፍጥነቱ ይኖራል፤ ከአርትዖት ክፍሉ ወድቆ የተነሳ ትዕይንት ተመልሶ ሲገባ ውጥረቱን የሚያላላበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ከሆነ ሲኒማ ቤት የታየውን ይምረጡ። ጥሩ አሳታሚ ሁለቱንም አንድ ላይ ያወጣል፤ ሽፋኑ ላይ የየራሳቸው የደቂቃ ርዝመት ተጽፎ ይገኛል። ርዝመቱን የማየት ልማድ ሳንሱር ካለበት ገበያ ሲገዙም ይጠቅማል፤ ከሲኒማው ቅንብር የሚያጥር ብሉሬይ ካጋጠመዎ የጎደለ ነገር አለ።

የጨለማ ትዕይንቶች ላይ ምንም አይታየኝም። ዲስኩ ተበላሽቷል?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም፣ የማስተካከያው ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን የምስል ዓይነት ከ«ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» አውጥተው «ፊልምሜከር»፣ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ላይ ያድርጉ። ፊልምሜከር የሚባለው በፊልም ባለሙያዎች ጥያቄ የመጣና በ2019 ይፋ የሆነ ሲሆን ቴሌቪዥኑ በራሱ የሚጨምራቸውን ማሳመሪያዎች ያጠፋል። ኃይል ቆጣቢውንና በክፍሉ ብርሃን የሚቀያየረውንም ያጥፉ፤ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ይበልጥ የሚያጨልሙት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ ስለ ጥቁር የተስማሙ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሁለቱን በሚያገናኘው ኤችዲኤምአይ ላይ «ሊሚትድ» እና «ፉል» የሚባሉ ሁለት የጥቁር ልኬቶች አሉ። ማጫወቻው በፉል ሲልክ ቴሌቪዥኑ በሊሚትድ ከተቀበለ ጥላው ሁሉ ጥቁር ቀለም ሆኖ ይደፈናል። በተቃራኒው ከሆነ ጥቁሩ አመድ ይመስላል። ፊልም የሚቀዳው በሊሚትድ ስለሆነ ሁለቱንም እዚያው ወይም «ኦቶ» ላይ ያድርጓቸው። ሳምሰንግ ይህን «ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል» ይለዋል፤ «ሎው» የሚለው ሊሚትድ ነው።

ለ4ኬ ዲስክ ደግሞ የቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ሙሉ አቅሙ መከፈት አለበት፤ «ኢንሃንስድ» ወይም «ዲፕ ከለር» በሚል ስም ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። ካልተከፈተ ኤችዲአሩ አይደርስም። ገመዱ 18 ጊጋቢት በሰከንድ የሚችል መሆን አለበት፤ አቅም የሌለው ገመድ ምስሉን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል ወይም ለቅጽበት ያጠፋዋል።

እነዚህ ተደርገው ምስሉ አሁንም ካልታየ ክፍሉን ያጨልሙ። ብርሃኑን ከመጨመር ይልቅ መጋረጃውን መዝጋት የዳይሬክተሩን ሐሳብ ያከብራል። ጨለማው ዓይን የሚያደክም ከሆነ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ደብዛዛ ነጭ መብራት ያስቀምጡ።

እግረ መንገድዎን እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ያጥፉ፤ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ «ሞሽንፍሎው»፣ የቆዩ ሳምሰንጎች «ኦቶ ሞሽን ፕላስ» ይሉታል። እሱ በርቶ ሲኒማ የነበረው ፊልም የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል፤ ውጥረቱም ይሞታል።

ንግግሩ አይሰማም፣ ድንገተኛው ድምፅ ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

የሲኒማ ድምፅ የተቀላቀለው ለትልቅ አዳራሽ ነው፤ በሹክሹክታውና በተኩሱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመካከለኛው ስፒከር ነው። እርስዎ ያለዎት የቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከር ብቻ ከሆነ ስድስትና ስምንት መስመር ወደ ሁለት ሲጨመቅ ንግግሩ በሙዚቃው ይዋጣል።

ሁለት ስፒከር ብቻ ካለ የዲስኩ ሜኑ ውስጥ ስቴሪዮ ድምፅ መኖሩን ይዩና ይምረጡት፤ ከሌለ የማጫወቻውን ድምፅ «ፒሲኤም» ላይ ያድርጉ። ሌሊት ከሆነ «ዲአርሲ» ወይም «ናይት ሞድ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ትልቁን ዝቅ፣ ትንሹን ከፍ ያደርጋል። ሳውንድ ባር ወይም ሙሉ የድምፅ ሥርዓት ካለ የመካከለኛውን ስፒከር ከ2 እስከ 4 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ብዙውን ችግር ይፈታል።

የዲስኩን ሙሉ ድምፅ ለሚፈልጉ ሁለት ነገር ያስታውሱ። አንደኛ፣ ማጫወቻው ላይ «ቢዲ ኦዲዮ ሚክስ» ወይም «ሰከንደሪ ኦዲዮ» የሚለው ከበራ ድምፁ እንደገና ስለሚቀላቀል ጥራቱ ይወርዳል፤ ያጥፉት። ሁለተኛ፣ ኦፕቲካል ገመድና የቴሌቪዥኑን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚመልሰው የቆየው «አርክ» ያልተጨመቀውን ባለብዙ መስመር ድምፅ አያሳልፉም፤ አዲሱ «ኢአርክ» ወይም ከማጫወቻው በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚገባ ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል።

አንድ ሰው «በሩን ከፈተች፣ ወደ ኋላ ዞረች» እያለ ትዕይንቱን ሲተርክ ከሰሙ ብልሽት አይደለም። ማየት ለተሳናቸው የተዘጋጀውን የድምፅ ትረካ መርጠዋል፤ ከኦዲዮ ሜኑ ይቀይሩት።

ከላይና ከታች ጥቁር ይታያል። ዙም ላድርገው?

አያድርጉት። ብዙ ልብ ሰቃዮች በ2.39 ለ1 ስፋት ይቀረጻሉ፤ በ1080 መስመር ላይ ምስሉ 800 ያህሉን ብቻ ይይዛል። ዙም ሲያደርጉ ከምስሉ ወርድ ሩብ ያህሉ ከጎንና ከጎን ይወጣል፤ ዳር ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው የሚጠፋው ያኔ ነው።

የአማርኛ ሰብታይትል አለው?

የሆሊውድ ዲስኮች የሚይዙት የሚሸጡበትን ገበያ ቋንቋ ነው፤ የአሜሪካው እትም ባብዛኛው እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ይኖረዋል፣ አማርኛ አይጠብቁ። እንግሊዝኛውን ሲመርጡ መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀው ለቋንቋ ተማሪም የተሻለ ነው፤ ማን እንደተናገረና ከበስተጀርባ ምን እንደተሰማ ይጽፋል። ገጸ ባሕርያቱ ለአፍታ በሌላ ቋንቋ ሲያወሩ ብቻ የሚወጣ ሰብታይትልም አለ፤ ካልታየዎት ፍንጭ ሊያመልጥዎ ይችላል።

ለቤተሰብዎ አማርኛ ሰብታይትል ራስዎ መጻፍ ይችላሉ። በተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ተራ ቁጥር፣ ከሥሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት፣ ከሥሩ ጽሑፉ ይገባል፦

1
00:01:20,500 --> 00:01:23,000
ማነው እዚያ?

ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ፊደሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ በመስመር ከ30 ፊደል፣ በአንድ ጊዜ ከ2 መስመር አይለፉ። ልብ ሰቃይ ላይ ደግሞ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ምስጢር የሚገልጥ ዓረፍተ ነገር ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እንዳይወጣ። ግማሽ ሰከንድ መቅደም የሁለት ሰዓት ድካም ያፈርሳል።

ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ማጫወቻ ላይ ሲያዩ ሴቲንግ ውስጥ የሰብታይትሉን ፎንት ግዕዝ በሚያውቅ ይቀይሩ፤ ዊንዶውስ ላይ «ኢብሪማ» አብሮ ይመጣል፣ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ደግሞ በነጻ ይገኛል። ጽሑፉ ከዘገየ የጂ፣ ከቀደመ የኤች ቁልፍን ይጫኑ። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚለያይ ከሆነ ግን እነዚህ ቁልፎች አይረዱም፤ ሰብታይትሉ የተሠራው በሰከንድ ለ25 ምስል፣ ፊልምዎ ለ24 (በትክክል 23.976) ነው ማለት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቀድማል። የሰብታይትል ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ከ25 ወደ 23.976 ይቀይሩት።

ፍላሽ ላይ አድርገው በቴሌቪዥን ሲከፍቱ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ኮምፒውተሩን በኤችዲኤምአይ ማገናኘት ቀላሉ መንገድ ነው።

ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ ወይም ላፕቶፕ ማጫወቻ ይሆነኛል?

ፕሌይስቴሽን 4 ዲቪዲና ብሉሬይ ያጫውታል፣ 4ኬ ዲስክ ግን አያጫውትም፤ «ፕሮ» የሚባለውም ቢሆን። ፕሌይስቴሽን 5 ባለ ዲስኩና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬውንም ያነባሉ፤ ሁለቱም ከዲስክ ዶልቢ ቪዥን የሚባለውን የኤችዲአር ዓይነት አያወጡም፣ በተለመደው ኤችዲአር10 ያሳያሉ። ለፕሌይስቴሽን 5 ለብቻው የሚገዛው የዲስክ ማንበቢያ መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ጨዋታዎቻቸው አካባቢ ባይመርጡም የፊልም ዲስክ ላይ መቆለፊያው ይሠራል።

ላፕቶፕ ላይ ዲቪዲ በቪኤልሲ ያለ ችግር ይከፈታል። የሚሸጥ ብሉሬይ ግን የተመሰጠረ ስለሆነ ፈቃድ ያለው የሚከፈልበት ፕሮግራም ይፈልጋል። 4ኬ ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ የሚጠይቀውን የደኅንነት ክፍል ኢንቴል ከአዳዲስ የቤት ፕሮሰሰሮቹ ላይ ስላነሳው፣ አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው።

ዲስኩ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ ቁልፉ ትዕይንት ላይ!

ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዘው ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉ፤ በክብ አይጥረጉ፣ መረጃው በክብ ስለተጻፈ በዚያ አቅጣጫ የሚፈጠር ጭረት ይበልጥ ይጎዳዋል። 100 ጊጋባይት የሚይዙት ሦስት ንብርብር ስላላቸው የጣት አሻራ እንኳ ይረብሻቸዋል፤ አዲስ ከጥቅል የወጣ ዲስክም የፋብሪካ ቅባት ወይም አቧራ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ የማጫወቻውን ሶፍትዌር ያድሱ፣ ከሶኬት ነቅለው ትንሽ ቆይተው ይሰኩት። ሌላ ማጫወቻ ላይም እዚያው ቦታ ከቆመ ዲስኩ ጉድለት አለበትና በደረሰኝዎ ያስለውጡ።

የጥርስ ሳሙና የሚለው ምክር ለብሉሬይ ገዳይ ነው። በዲቪዲ መረጃው 0.6 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ስለሚገኝ ላዩን በልዩ መሣሪያ ማለስለስ ይቻላል፤ በብሉሬይ 0.1 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፣ ከላዩም ጠንካራ መከላከያ አለው። መከላከያው ከተፋቀ መመለሻ የለውም።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ኮድ ምንድን ነው?

ፊልሙን በኢንተርኔትም እንዲያዩ የሚሰጥ ነው። የአሜሪካ ኮዶች የሚሠሩት አሜሪካ ላለ አካውንት ነው፣ የማብቂያ ቀንም አላቸው። በቅርስነት አይቁጠሩት፤ እንዲህ ያሉ ኮዶችን ይቀበል የነበረው አልትራቫዮሌት የሚባለው አገልግሎት በጁላይ 2019 ተዘግቷል።

ሕጋዊውን ከተባዛው እንዴት እለያለሁ?

ገልብጠው የሚያበራውን ገጽ ይዩ። ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ብርማ ወይም ወርቃማ ነው፤ በቤት የተቃጠለ ወደ ሐምራዊ ያደላል። መሃል ቀዳዳው ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ በጣም ደቂቅ የፋብሪካ መለያ ጽሑፍ ይገኛል። ሲኒማ ላይ ገና እየታየ ያለ ፊልም በዲቪዲ ከቀረበ፣ ወይም አንድ ዲስክ ላይ 8 ፊልም ከተጨናነቀ መልሱ ግልጽ ነው። ሐምራዊ ሁሉ ግን የተሰረቀ አይደለም፤ ዋርነር በ2009 በጀመረው የማኅደር ሽያጭ የቆዩ ፊልሞችን በትዕዛዝ ያቃጥል ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የባለመብቱን ፈቃድ ሳያገኙ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተከለከለ ነው።

ቤት ያሉኝ የድሮ የአማርኛ ልብ ሰቃይ ፊልሞች ቪሲዲ ናቸው። ምን ላድርጋቸው?

ሳይዘገዩ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጧቸው። ብዙ የአማርኛ ፊልም ሌላ የተሻለ ቅጂ ሊኖረው ላይችል ስለሚችል በእጅዎ ያለው ዲስክ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ቪሲዲ በተራ ሲዲ ላይ የሚጻፍ ሲሆን ምስሉ በፓል 352 በ288 ነው፤ አንዱ ዲስክ 74 ወይም 80 ደቂቃ ስለሚይዝ ፊልሙ ብዙ ጊዜ ሁለት ዲስክ ነው። ሁለተኛውን ይፈልጉት፣ መጨረሻው እዚያ ነው።

ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱ «ኤምፔጋቪ» የሚል ፎልደር ያገኛሉ። ውስጡ ያለውን ትልቁን «ዳት» ፋይል ወደ ሃርድ ዲስክ ይቅዱ፤ ቪኤልሲ ሳይቀየር ይከፍተዋል። ቪሲዲ ለምስሉ የሚጠቀምበት አጻጻፍ የኮምፒውተር መረጃ ከሚይዝ ሲዲ ያነሰ የስህተት ማረሚያ ስላለው ቅጂው መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል፤ ያኔ ዲስኩን ጠርገው ሌላ ማንበቢያ ላይ ይሞክሩ፣ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያነባል። የሚጠነቀቁለት ገጽ ደግሞ ሥዕሉ ያለበት ነው። በሲዲ መረጃው የተቀመጠው ከሥዕሉ ሥር ነው፣ የሚሸፍነው ስስ ቀለም ብቻ ነው። በእስክሪብቶ አይጻፉበት፣ የተለጠፈ ወረቀት ካለም አይላጡት፤ ብሩን ይዞት ይነሳል።

የተቀዳውን ፋይል በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ፤ የፊልሙን ስም፣ የዲስኩን ተራ ቁጥርና በሽፋኑ ላይ ያሉትን የተዋናዮችና የባለሙያዎች ስም በፋይሉ አጠገብ በጽሑፍ ያኑሩ። ሽፋኑንም ፎቶ ያንሱት።